ስለ ዓይን ማዝ፤ በሽታ ሳይደርስና ከደረሰ በኋላ ስለሚደረገው መከላከል

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ የተነገረ)



በጉባኤ ቤት ሊቅ ሲመሰገን «ዓይናማ» ይባላል። ምስጋናው ለሥጋ ዓይን አይደለም፤ መጽሐፉ ሁሉ በቃሉ ያደረ፥ የነገር ምሥጢር የማይሰወረው ሰው ማለት ነው። ዓይናማ ከተባሉትም መምህራን አንዳንዶቹ የሥጋ ዓይናቸው ብርሃን ያጣ ነበር፤ ደቀ መዝሙር በትራቸውን ይዞ ይመራቸው ነበር። አገሩም ይህን እንደ ዕጣ ቈጥሮ ኖረ እንጂ፥ የብዙ ሰው ዕውርነት መጀመሪያ በሕፃንነት ፊት ላይ ያረፈች ዝንብ ልትሆን ትችላለች ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ዛሬ የሚነገረው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም ትራኮማ፥ በአማርኛም የዓይን ማዝ ስለሚባለው ደዌ፥ ሐኪሞችም በሽታን ለመከላከል ስለሚቈጥሯቸው ደረጃዎች ነው።

ደዌውን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። በ1907 ዓመት (በዚህ ንግግር ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ሀልበርሽቴተርና ፎን ፕሮቫዜክ የተባሉ ሊቃውንት በጃቫ ደሴት ሳሉ ምልክቱን ከታመመ ዓይን በተወሰደው ውስጥ አዩ። ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚሄደው በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ነው። እናት የአንዱን ልጅ ዐይናር በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፥ በዚያው ጫፍ ደግሞ የታናሹን ትጠርጋለች፤ ርኅራኄዋ ራሱ ለደዌው መንገድ ይሆናል። አንድ ጊዜ የያዘው ሕፃን አይታወርም። የሚያጠፋው መደጋገሙ ነው። በየጊዜው የተያዘ የዓይን ቆብ በውስጡ ይቈስላል፤ ቍስሉም ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳውም እየተኰማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ያን ጊዜ ለዓይን ጠባቂ ሆኖ የተፈጠረው ሽፋሽፍት ዞሮ ዓይኑን ይፍቀው ዘንድ ይጀምራል፤ ሰውየውም ዓይኑን በገለጠና በከደነ ቍጥር ይቈረቍረዋል፤ በመጨረሻም የብሌኑ መስተዋት ነጭ ሆኖ ይጨልማል። ከመጀመሪያው ዐይናር እስከዚህ ድረስ ብዙ ዓመት ያልፋል። ደዌው እንዲህ ቀስ ብሎ መሄዱ አንድ በጎ ነገር አለው፤ በየመንገዱ ላይ ቆሞ ሊያግደው ለሚወድ ሰው ጊዜ ይሰጣል።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ሐኪሞች ይህንኑ ነገር በደረጃ ከፍለው ያስተምሩታል። ከሁሉ በፊት የሚቆመው ደረጃ አደጋው ራሱ በአገር ውስጥ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው፤ ይህ ነገሩ ጥንታዊ ሲሆን ስሙን ያገኘው በ1978 ቶማ ስትራሰር በተባለ ሐኪም ነው። ከዚያ ቀጥሎ አደጋው ሳለ ጤነኛው እንዳይያዝ መጠበቅ ይመጣል፤ ከዚያም የተያዘውን ገና ሳይጐዳ ፈልጎ ማከም፤ በመጨረሻም ጉዳት የደረሰበትን ሰው ከባሰው ጉዳት ማዳን። በእሳት ቢመሰል፥ ፍሙን ከሣር ክዳን ማራቅ፥ ክዳኑን ማርጠብ፥ ጪሱ ሲታይ መሮጥ፥ ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ደግሞ ሕፃናቱን ማውጣት እንደ ማለት ነው።

ለዓይን ማዝ የዓለም የጤና ድርጅት የተቀበለው ሥርዓት አራት ነገር ይዟል፤ ቀዶ ሕክምና፥ መድኃኒት፥ የፊት ንጽሕና፥ የአካባቢ መሻሻል። በእንግሊዝኛ የአራቱ ስም መነሻ ፊደላት ሲጋጠሙ «ሴፍ» የሚል ቃል ይሆናሉ፤ ትርጓሜውም ከአደጋ የዳነ ማለት ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ቃሉ እንዲያምር ሲባል መጨረሻው ደረጃ መጀመሪያ ሆኖ ተጻፈ፤ የመጀመሪያውም ደረጃ ጅራት ሆነ። በፊደል ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን የሰውም ልብና ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። የታወረውን አይቶ የማያዝን የለም፤ ስለ አንድ መጸዳጃ ጕድጓድ የሚያመሰግን ግን ማን ነው?

ስለ መድኃኒቱ የሚነገረው ብዙ ነው። አዚትሮማይሲን ይባላል፤ በአንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ፋይዘር የሚባለውም ኩባንያ በ1998 በነፃ ለመስጠት ተነሥቶ እነሆ እስከ ዛሬ ይሰጣል። በየመንደሩ ሲታደል ሚዛን ስለማይገኝ የሰው ቁመት በተመለከተ ዘንግ ይለካል፥ በቁመቱም ልክ ይሰጠዋል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን የቴትራሳይክሊን ቅባት ለዓይኑ ይሰጠዋል። የሚታደለውም ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ ነው፤ ሳይታወቅበት የያዘው ብዙ ነውና። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይልቅ የዚህ ደዌ ሸክም የበዛባት ስለ ሆነች፥ ለእርስዋ ይህ ታላቅ ስጦታ ነው። በ2005ና በ2006 በተደረገው የአገር ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶው 40 ያህሉ የሚታይ የዓይን ማዝ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ከመቶው ከ60 በላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ በብዙ ቦታ ወርዷል። ሆኖም በአማራ ክልል መድኃኒቱ ከ10 ዓመት በላይ በየዓመቱ ታድሎ ሳለ፥ በብዙ ወረዳ ደዌው ከተወሰነው ልክ፥ ማለት ከመቶ ሕፃናት ከ5 በታች ሊወርድ አልቻለም። መድኃኒቱ በሰውነት ያለውን ተሐዋሲ ይገድላል፤ ነገ የሚመጣውን ዝንብ ግን አይከለክልም።

አውሮፓም ይህን ደዌ በሚገባ ታውቀዋለች። ከ1798 እስከ 1801 በግብጽ የተዋጉ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወታደሮች የዓይን ሕመም ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በለንደን ሙርፊልድስ የሚባለው የዓይን ሆስፒታል በ1805 የተከፈተውም በዚያ ዘመን ጭንቀት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም በኒውዮርክ ወደብ በኤሊስ ደሴት ሐኪሞች የስደተኛውን የዓይን ቆብ አንዳንድ ጊዜ በጫማ ቍልፍ መሳቢያ መንጠቆ ይገለብጡ ነበር፤ ትራኮማ የተገኘበትንም ወደ መጣበት ይመልሱት ነበር። ይህ በር መዝጋት ነው እንጂ ማከም አይደለም። ደዌው ከብዙው የአውሮፓ ክፍል የጠፋው አዲሶቹ መድኃኒቶች ሳይወጡ፥ ውኃ ወደ ቤት ሲገባ፥ መኝታ ሲሰፋ፥ ቆሻሻም ሲወገድ ነው። በዘመናችንም ኦማን በ2012፥ ሞሮኮ በ2016፥ ጋና በ2018 የሕዝብ ጠንቅ መሆኑ መቅረቱ ተመስክሮላቸዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። በዋግ ኽምራ በ40 መንደሮች ምርምር ተደርጎ ነበር፤ ለእኩሌቶቹ ውኃ፥ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት ተሰጣቸው፥ እኩሌቶቹ ግን እንዲቈዩ ተደረገ። ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ2022 በታተመው ውጤት፥ በሁለቱ ወገን ሕፃናት መካከል በተሐዋሲው መያዝ ልዩነት አልታየም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያስ መታጠብ ከንቱ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ፈጥኖ ፈርዷል። በአውሮፓ አንድ ትውልድና ከዚያም በላይ የፈጀውን ነገር ሦስት ዓመት ሊያሳየው አይችል ይሆናል። ደግሞም ውኃ ተጠግቶ ሳለ ሳይታጠብ የሚውል ፊት አለ፤ ሰው የቀዳውን ውኃ ለመጠጥና ለወጥ ይሰስታልና፥ የልጅ ፊት በመጨረሻ ይታሰባል። የፊት እጥበት ግን ብዙ ውኃ አይፈጅም፤ በአንድ ጣሳ የብዙ ሕፃናት ፊት ይታጠባል። ዐይናር በፊቱ የሌለ ልጅ ዝንብ አይከበውም፤ ያችም ዝንብ የምትፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ስለ ሆነ፥ የጕድጓድ መጸዳጃ ከዓይን ጋራ ምን አገናኘው የሚል ሰው መልሱን ከዚህ ያገኛል።

የቀዶ ሕክምናው ነገር ደግሞ የሴቶች ነገር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሕፃን የሚያዝሉና ዐይናር የሚጠርጉ እነርሱ ስለሆኑ፥ በዚህ ደዌ የሚታወሩ ሴቶች ከወንዶች እጅግ ይበዛሉ። ሽፋሽፍቷ የዞረባት እናት ወረንጦ አንሥታ ትነቅለዋለች፤ ለጥቂት ቀን ታርፋለች፤ ጠጕሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፥ ሲበቅልም አጭርና ሻካራ ሆኖ ይወጋታል። በጤና ጣቢያ ለዚሁ የተማሩ ነርሶች የቆቡን ጠርዝ ቀድደው ወደ ውጭ ያዞሩታል፤ ሥፍራው በመርፌ ስለሚደነዝዝ ሥራው አያሳምምም፥ በዚያው ቀንም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህ ግን የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ያድናል እንጂ። ከታከሙትም ጥቂት ባልሆኑት ላይ ሽፋሽፍቱ ዳግመኛ ይዞራልና ተመልሶ መታየት ያስፈልጋል። ስለዚህ መሄድ የሚገባው ገና ሲቈረቍር፥ ዓይን ሳይደበዝዝ ነው። የሚያዘገያቸውም ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ልጁን የሚይዝ፥ ከብቱን የሚያስገባ፥ መንገዱንም አብሮ የሚሄድ ሰው ማጣት ነው። ከዚህም የተነሣ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ፥ «ዓይንሽን የሚወጋሽ ጠጕር አለን? ወረንጦስ በቤትሽ አለን?» እያሉ ይጠይቃሉ።