መብራት ሲመለስ
(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሕክምና የተመረቁትን ወክለሽ ጥቂት በይ» ሲሉኝ ስለ ሕክምና ብቻ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። ዛሬ ግን ስለ ኮምፒውተርም ላወራ ነው። ኮምፒውተር ያጠናችሁ ብሳሳት አርሙኝ። የሕክምና ልጆች ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ዋርዳችን ይመለሳል።

ተመርቀን ዕጣ ስናወጣ ለእኔ የደረሰኝ ባሌ ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ከጎባ ወደ ላይ ሲወጡ ሳነቴ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ። በጎባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ጤነኛ ሰው ይለምደዋል። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ግን የሚያባክነው ኦክስጅን የለውም።

በዚያ አካባቢ በምሠራበት ሆስፒታል አንድ ሌሊት፣ ሳንባ ምች የያዘው የሁለት ዓመት ልጅ በኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ላይ ነበር። መብራት ጠፋ። ለዚህስ ዝግጁ ነበርን፤ ነርሷ ወዲያው ወደ ሲሊንደር አዞረችውና ልጁ ምንም ሳይሆን ቆየ። በኋላ መብራቱ ተመለሰ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ፣ በውኃው ጠርሙስ ውስጥም አረፋው ይንቆረቆር ጀመር። «ዶክተር፣ ወደ ማሽኑ ልመልሰው?» አለችኝ። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበርና «መልሽው ሲስተር» ብያት ወደ ሌላ አልጋ ሄድኩ። የነበረን ፐልስ ኦክሲሜትር አንድ ብቻ ስለሆነ እሱንም ይዤው ሄድኩ።

ያየችው እናቱ ናት። በአፋን ኦሮሞ ጮኻ ነርሷን ስትጠራ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። በሲሊንደሩ በቀረችው ኦክስጅን፣ ከዚያም ከሌላ ክፍል ባመጣነው ሲሊንደር መለስነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኖ ከእናቱ ጋር ቤቱ ገባ። እኔ ግን በካርዱ ላይ የጻፍኩት «ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር» የሚል ብቻ ነው። ልጁን የጎዳው የመብራቱ መጥፋት አልነበረም፤ መብራቱ ሲመለስ እኔ ማሽኑን ማመኔ ነው። እሱን አልጻፍኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንሰንትሬተር የክፍሉን አየር ስቦ በግፊት ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ማሽኑ እንደተነሣ አየር ወዲያው ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ግን በሚፈለገው መጠን እስኪጠራ ደቂቃዎች ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት መስፈርት ንጽሕናው ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ ማሽኑ እንዲያስጠነቅቅ ይጠይቃል፤ ጠቋሚ የሌለው አሮጌ ማሽን ግን ዝም ይላል። አረፋው አየር መውጣቱን እንጂ ምን ዓይነት አየር እንደሚወጣ አይናገርም።

ከዓመታት በኋላ ይህን ለታናሽ ወንድሜ ነገርኩት። እሱም የዚሁ ግቢ ልጅ ነው፤ ለሊኑክስ ከርነል ድራይቨር ይጽፋል። ድራይቨር ማለት በኮምፒውተሩ እምብርትና በአንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ በኔትወርክ ካርድ፣ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ሰምቶኝ ሲጨርስ «እታለም፣ ይሄ እኮ የእኛም ራስ ምታት ነው» አለኝ።

ላፕቶፓችሁን ስትከድኑት ከርነሉ እያንዳንዱን ዕቃ በድራይቨሩ በኩል «ተኛ» ይለዋል። አንዱ አልተኛም ካለ ድራይቨሩ ስህተት ይመልሳል፤ ከርነሉም ማስተኛቱን ትቶ የተኙትን መልሶ ይቀሰቅሳል። ሲነቃ ግን እንዲህ ያለ መመለሻ የለም። አንዱ ዕቃ ባይነቃ ስህተቱ መዝገብ ላይ ይሰፍርና ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። በነቁት መካከል አንድ ያልነቃ ይቀመጣል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥሩ ድራይቨር «ዕቃዬ አልነቃም» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ አዲስ ሥራ አይቀበልም፤ ለጠየቀው ሁሉ ስህተት ይመልሳል። ኃይል የተቋረጠበት ዕቃ በሬጅስተሮቹ የያዘውን ይረሳልና፣ ቢነቃም እንደ አዲስ ያዘጋጀዋል እንጂ «ቅድም ደህና ነበር» አይልም። በፒሲአይ መስመር ላይ ያለ ዕቃ መልስ መስጠት ሲያቅተው የሚነበበው በአብዛኛው ሁሉም 1 የሆነ ቁጥር ነው። ያላጣራ ድራይቨር ያንን እንደ እውነተኛ መረጃ ተቀብሎ ይሄዳል።

ያ አረፋ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በምሠራበት ሁሉ የማላልፋቸው ነገሮች አሉኝ። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ስታብላይዘሩ፣ ቀጥሎ ማሽኑ፣ ልጁ መጨረሻ። ከርነሉም ሲቀሰቅስ ሌላው የሚደገፍበትን ዕቃ ያስቀድማል። የማሽኑ መመሪያ የሚለው ደቂቃ ሳይሞላ፣ ጠቋሚው ሳይታይ ከሲሊንደር አላላቅቅም፤ ካላቀቅሁም በኋላ ኦክሲሜትሩ ከልጁ ጣት አይወርድም፣ ሰውም ከአጠገቡ አይጠፋም። ያልነቃ ማሽን «አይሠራም» ተብሎ ተጽፎበት ከአልጋው አጠገብ ይነሣል። የሆነውም እንደሆነው ይጻፋል።

አንድ ሌላ ነገር ከወንድሜ ተምሬያለሁ። ከርነሉ ውስጥ የመተኛት መሞከሪያ አለ፤ ዕቃዎቹን አስተኝቶ ለ5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይመልሳቸዋል፣ ስህተቱ ሌላ ጊዜ ሳይሆን ያኔውኑ እንዲታይ። እኛ ግን ማሽኖቻችንን የምንፈትናቸው በሌሊት፣ በልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ የሕክምና ተማሪዎችና የኮምፒውተር ተማሪዎች አንድ ክፍል ይግቡ። ታካሚ በሌለበት፣ በቀን ብርሃን፣ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ይመልሱት፣ በስንት ደቂቃ እንደሚነቃ ይለኩ። ድራይቨር የሚጽፈው ልጅ አልጋው ላይ ማን እንደሚተኛ ይይ፤ ሐኪሟም ማሽኑ እንዴት ሊያታልላት እንደሚችል ትወቅ። እኛ ምሩቃን ለዚህ የሚሆን አሮጌ ማሽን አናጣም፤ እኔም አብሬያችሁ ለመቆም ቃል እገባለሁ።

ያንን ካርድ ዛሬ ማረም አልችልም። ያልጻፍኩትን ግን በእናንተ ፊት ተናግሬዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጡት በጊዜው ይጻፉት።