ቢልቂስና የሻርጃ ሜዳ

አቅራቢዋ፦ ወንድሜ፣ ቢልቂስ አብዱልቃድርን ታስታውሳታለህ? አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ 3,070 ነጥብ አስቆጥራ የግዛቷን ክብረ ወሰን የሰበረችው።

አቅራቢው፦ እንዴት እረሳታለሁ! በሜምፊስ ዩኒቨርሲቲም ሒጃቧን ለብሳ ተጫውታለች። ፕሮፌሽናል ልትሆን ስትል ግን የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ የፊባ፣ ሕግ የራስ መሸፈኛ ከለከላት።

አቅራቢዋ፦ ሕጉ በ2017 እ.ኤ.አ. ተሻሻለ። ለእሷ ግን ምርጥ ዓመቶቿ አልፈው ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አቅራቢው፦ እውነትሽን ነው እህቴ። በአንጻሩ የኤምሬቶቿ ሻርጃ በ2012 እ.ኤ.አ. በጀመረችው የዓረብ ሴቶች የክለቦች ውድድር ውስጥ ቅርጫት ኳስ አለ። ልጅ መድረክ ካላየች ምን ብላ ትመኝ?

አቅራቢዋ፦ ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን ያላችሁ እህቶቻችን፣ በዕረፍት ቀናችሁ ኳስ የምትጫወቱ ካላችሁ ደውሉልን፤ መስመሩ ክፍት ነው።