ስለ አሮጌ የጀልባ ሞተር ምርመራና ጥገና
(ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ምሳሌውን የሚናገረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ሰው ጠባይ ነው እንጂ ስለ ግንዱ አይደለም። ነገር ግን ግንዱ እውነተኛ ግንድ ነው፤ ከግንዱም ጋር የሚጓዘው አፈር እውነተኛ አፈር ነው። ሁለቱም ከጎጃምና ከወሎ፥ ከሸዋና ከወለጋ ተነሥተው ወደ ሱዳን ሲወርዱ ኖረዋል፤ በዚያም በወንዙ ላይ የሚሠራውን የጀልባ ሞተር ይመታሉ። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው የተጎዳ ሞተር ነው፤ ይኸውም በሽታው እንዴት ይታወቃል፥ ከታወቀ በኋላ እንዴት ይጠገናል፥ ከዚህም ሥራ ለመምህር የሚተርፈው ትምህርት ምንድር ነው የሚለው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምሳሌ እንዲሆን የተመረጠው ስፍራ ሶባ ነው። ሶባ ሁለቱ ዓባዮች ካርቱም ላይ ከሚገናኙበት ቦታ ከ20 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ወደ ላይ፥ በጥቁር ዓባይ ዳር ይገኛል። በቀድሞ ዘመን የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበር፤ የአልዋም ስም በ4ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በአክሱሙ ንጉሥ በዔዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ይነበባል። በ10ኛው መቶ ዓመት የፋጢማውያን መልእክተኛ የነበረው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ በሶባ ያማሩ ሕንጻዎችና በወርቅ የበለጸጉ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ነበሩ ጽፏል። ከተማዪቱ ከፈረሰች በኋላ ጡቧ በ19ኛው መቶ ዓመት ለካርቱም ሕንጻ እየተጋዘ ተወስዷል። ጡቡ ሄደ፤ ወንዙ ግን ቀረ። በ1946፥ በ1988ና በ2020 በካርቱም አገር ታላቅ ጎርፍ በደረሰ ጊዜ ጀልባ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ታይቷል። በእንደዚህ ያለ ቀን በወንዙ መካከል የሚጠፋ ሞተር የንብረት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

በጀልባ ኋላ የሚንጠለጠለውን ሞተር ለገበያ አብቅቶ ስሙን ያስጠራው በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ ይሠራ የነበረው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው፤ ዘመኑም 1909 ነበር። ከእርሱ በኋላ በአሜሪካ ጆንሰን፥ በእንግሊዝ አገር ሲገል የሚባሉት ተነሡ። በአገራችንም በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት የዓባይን ሸለቆ የመረመረው ጓድ ውሃው በሚፈቅድበት ስፍራ በሞተር ጀልባ ተጉዟል። የኤቪንሩድ ሞተር ሥራ በ2020 ስለ ቆመ፥ ዛሬ በእጅ ያለውን አሮጌ ሞተር የሚያድነው ከሁሉ በፊት የጠጋኙ ማስተዋል ነው።

እንግዲህ 60 ዓመት ያገለገለ፥ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሶባ ወንዝ ዳር ከአንድ ጠጋኝ ፊት ቀረበ እንበል። ባለቤቱ የሚያውቀው ገመዱን ቢስብም ሞተሩ አልነሣ ማለቱን ብቻ ነው። ያልተማረ ጠጋኝ ወዲያው ካቻቪቴውን አንሥቶ ያገኘውን ቡሎን ሁሉ ይፈታል። ዐዋቂው ግን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ሞተሩ የጠፋው በድንገት ነው ወይስ ኃይሉ ቀስ በቀስ እየደከመ? በድንገት ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እሳቱ መስመር ወይም ወደ ተሰበረ ነገር ያዘነብላል፤ ቀስ በቀስ ከሆነ ግን ወደ ቤንዚኑ፥ ወደ ሙቀቱ ወይም ወደ ማለቁ ይሄዳል። ቀጥሎም ውሃ ውስጥ ወድቆ ያውቃልን ብሎ ይጠይቃል። የወደቀ እንደ ሆነ፥ ብረቱን የሚበላው ዝገት የሚበረታው ሞተሩ ከውሃ ወጥቶ አየር ሲነካው ነውና፥ ሳይዘገይ ካንዴላዎቹን አውልቆ፥ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፥ ውሃውን አፍስሶ፥ ዘይት ማጠጣት ይገባል። እየሠራ ሳለ የሰጠመ ከሆነ ግን በግድ አያዞረውም፤ ውሃ እንደ አየር ተጨምቆ ስለማይታመቅ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

ከጥያቄው በኋላ ምርመራው በተራ ይሄዳል። ሞተር እንዲነሣ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ እነርሱም እመቃ፥ እሳትና በልክ የተደባለቀ ቤንዚን ናቸው። ዐዋቂው ከእመቃው ይጀምራል። ካንዴላዎቹን አውልቆ የእመቃ መለኪያ ያስገባል፤ መለኪያ ያጣ እንደ ሆነ አውራ ጣቱን በቀዳዳው ላይ አድርጎ ገመዱን ይስባል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ጣቱን በአንድ ዓይነት ኃይል ከገፉት መልካም ነው። አንዱ በርትቶ ሌላው ከደከመ ግን የፒስተኑ ቀለበት ተጣብቋል፥ ወይም ግድግዳው ተቧጥጧል፥ ወይም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ከዚህ የሚጀምርበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ሲሊንደሩ ያለቀ ሞተር ካርቡራቶሩ ቢጸዳለት ድካሙ ከንቱ ነውና።

ሁለተኛው እሳቱ ነው። ቤንዚኑን አርቆ፥ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቶ ገመዱን ሲስብ ሰማያዊና ብርቱ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልታየ ካንዴላውን በሌላ ለውጦ ይሞክራል፤ ያም ካልረዳ ከቮላኖው በታች ያለውን ማግኔቶ ይመለከታል። በዚያ የኤሌክትሪኩን መስመር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት ትንንሽ የብረት አፎች አሉ። ሞተሩ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ከሆነ አፎቹ ላይ ስስ ዝገት ይጋርድና እሳቱን ይከለክላል። ዝገቱ ተጠርጎ ክፍተታቸው በልኩ፥ በብዙዎቹ የቀድሞ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፥ ሲደረግ «ሞተ» የተባለው ሞተር ብዙ ጊዜ ይነሣል። በዕድሜ ብዛት የመዳብ ሽቦው ጥቅል ልባስ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን መጥረግ አይበቃም፤ ጥቅሉን መለወጥ ግድ ነው።

ሦስተኛው ቤንዚኑ ነው። ቆሞ የከረመ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡራቶሩን ጠባብ ቀዳዳ ይደፍናል። ይህን ለማወቅ ጥቂት ጠብታ ድብልቅ ቤንዚን በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ፥ ካንዴላውን መልሶ ገመዱን መሳብ ነው። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ጮሆ ከጠፋ እመቃውና እሳቱ ደኅና ናቸው፤ ጉድለቱ በቤንዚኑ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ደግሞም እነዚህ ሞተሮች የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በተደባለቀው ዘይት ነው። በ1950ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ ለ24 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይፈልጋሉ፤ የቀድሞው ሲገል ለ10 እጅ 1 እጅ ይጠይቅ ነበር። ለአዲሶቹ የተወሰነውን የ50 ለ1 ልክ ለአሮጌው የሚሰጥ ሰው ዘይት ያተረፈ ሲመስለው ሞተሩን ያቃጥላል።

ሦስቱ ሁሉ ተሟልተው፥ ሞተሩ ተነሥቶ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግሎ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ወደ ደለሉ ይመለሳል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የወንዙ ውሃ ነው፤ ውሃውንም ወደ ላይ የሚገፋው በታችኛው ክፍል ያለ ክንፍ ያለው ትንሽ የጎማ መዘውር ነው። ደለል የበዛበት ውሃ እንደ ሞረድ ሆኖ ጎማውን ይበላዋል፤ የውሃውንም መሄጃ ይደፍናል። የህዳሴው ግድብ ከመሠራቱ በፊት ጥቁር ዓባይ ከኢትዮጵያ ደጋ በያመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን የሚበልጥ አፈር ወደ ሱዳን ያወርድ እንደ ነበር ይገመታል። በ1925 የተፈጸመው የሰናርና በ1966 የተፈጸመው የሮዛሪስ ግድብ የውሃ ማከማቻዎችም በዚሁ ደለል ተጎድተዋል። በ2020 ውሃ መያዝ ጀምሮ በ2025 የተመረቀው የህዳሴው ግድብ አሁን ብዙውን አፈር በኋላው ያስቀራል፤ ዲንደርና ራሃድ ግን ከኢትዮጵያ ተነሥተው ከሰናር በታች፥ ከሶባ በላይ ወደ ወንዙ ስለሚገቡ የእነርሱ ጭቃ በክረምት አይቀርም። ስለዚህ ዐዋቂው ጠጋኝ የጎማውን መዘውር ለውጦ ዝም አይልም፤ ጥልቀት በሌለው ጭቃ ውስጥ እንዳይነዳው፥ ከሥራ በኋላም በበርሜል ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስነሥቶ እንዲያጥበው ለባለቤቱ ይነግራል። ያለ ውሃ ግን ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢሆን እንዳያስነሣው ያስጠነቅቀዋል፤ ጎማው ደርቆ ይቃጠላልና።

ግንዱስ? በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው አንዲት ለስላሳ ስፒና ናት። ፕሮፔለሩ ግንድ በመታ ጊዜ ስፒናዋ ትሰበርና ውስጣዊ ጥርሶቹን ታድናለች። የተሠራችውም ለዚሁ ነው። መሰበሯ ያስቆጣው ሰው «ከእንግዲህ አትሰበርም» ብሎ በስፍራዋ ጠንካራ የብረት ሚስማር ያስገባል፤ በሚቀጥለው ግንድም ጥርሶቹ ይረግፋሉ። ከታችኛው ክፍል የሚወጣው ዘይት ወተት እንደ ገባበት ቡና የነጣ እንደ ሆነም ውሃ የሚከለክለው ጎማ አልቋል ማለት ነው፤ ይህንንም ጥርሶቹ ሳይበሉ መለወጥ ይገባል።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ ሁሉ ለመምህር ምን ይረባዋል? አንደኛ፥ «ሞተር ሦስት ነገር ያስፈልገዋል» የሚለውን በቃሉ አጥንቶ በፈተና ሙሉ ነጥብ የሚያገኝ ተማሪ ከማይነሣ ሞተር ፊት ቢቆም የሚሆነውን ላያውቅ ይችላል። ዕውቀቱ መልስ ነው እንጂ መንገድ አልሆነለትም። መንገዱ አስቀድሞ መጠየቅ፥ ከዚያም እያንዳንዱን ጥርጣሬ ለብቻው መፈተን፥ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፥ የተገኘውንም መጻፍ ነው። ሦስት ነገር በአንድነት ለውጦ ሞተሩ የተነሣለት ሰው ሞተር አገኘ እንጂ ምክንያቱን አላገኘም፤ ነገም ያው ሞተር ሲቆም እንደ ዛሬው ባዶ እጁን ይቆማል።

ሁለተኛ፥ መምህሩ ራሱ ዕለት ዕለት መርማሪ ነው። ሂሳብ ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መሰየም ሞተሩን «ሞተ» ብሎ እንደ መጣል ነው። ልጁ የደከመው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ጽሕፈቱን ከሰሌዳው ላይ ያያልን? ቁርስ በልቶ መጥቷልን? የባለፈው ዓመት ትምህርት ገብቶታልን? እነዚህን በተራ ያልጠየቀ መምህር የሚሰጠው ቅጣት በግምት የተለወጠ ዕቃ ነው።

ሦስተኛ፥ በአገራችን እጁን በዘይት የሚያቈሽሸው ሰው ለረጅም ዘመን ተንቆ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጅ ግን ምላስን ይገታል እንጂ ልብን አያስተምርም። ልብን የሚያስተምረው መምህሩ ነው፤ እርሱ በተማሪዎቹ ፊት ኪያቤ ይዞ ጎንበስ ሲል የሚሰጠው ትምህርት ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

በጣና ዙሪያና በፎገራ ገበሬው መስኖውን በትንሽ የሞተር ፓምፕ ያጠጣል። አሠራሩ ከጀልባው ሞተር በአንዳንድ ነገር ቢለይም እመቃው፥ እሳቱና ቤንዚኑ አንድ ናቸው። ፓምፑ በበጋ መካከል ሲቆም ጎመኑና ሽንኩርቱ በጥቂት ቀን ይጠወልጋል፤ ለገበሬውም ቅርቡ የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የመንደሩ መምህር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አንድ የማይሠራ ሞተር በጠረጴዛ ላይ ቢያኖር፥ እጩ መምህሩም ምክንያቱን ፈልጎና ጽፎ ሳያሳይ ባይመረቅ፥ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። ሞተሩን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየወረዳው መጋዘን «አይሠራም» ተብሎ የተጣለ አይጠፋም።

የሶባው ጀልባ የሚያልቅበት የጎማ መዘውር የደጋው ገበሬ ያጣው አፈር ሥራ ነው። ይህን ምክንያት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ፥ ከሞተሩ ወደ ወንዙ፥ ከወንዙ ወደ እርሻው እርከን የሚደርስ ተማሪ የተማረው ሞተር መጠገንን ብቻ አይደለም። እርከኑን የሚሠራው እርሱ ይሆናልና፥ እስከዚያ ድረስ እንዲጠይቅ ማስተማር የመምህሩ ፈንታ ነው።