ዘንቢልና ፌስታል
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ዕለት እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፥ ወጣቶች የነገውን ሳያጠፉ የዛሬውን መጠቀም እንዴት ይማሩ የሚል ነው። ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ትምህርት ቢመስልም፥ ሐዋሳ ላይ ለምንኖር ምሳሌው ከደጃችን ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃን ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ዝናብ ከየመንገዱ ጠርጎ የሚያወርደው ፌስታልና ጠርሙስ ወደ ሌላ አገር አይሄድም፤ እዚያው ይቀራል።

የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። የመረቡ ዓይን ሲጠብ ገና ያልወለደችው ቆሮሶ ትያዛለች። ይህች ዓሣ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ናትና፥ ሳትወልድ ብትያዝ የጎደለው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም። አጥማጁን ለብቻው መውቀስ ግን ፍርድ አይሆንም፤ ትንሿን ዓሣ የሚገዛ ባይኖር መረቡም ባልጠበበ ነበር።

መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ ፌስታልን ለመገደብ ሞክሯል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። በመካከሉ ያለፈው የ18 ዓመት ታሪክ የሚያስተምረን፥ አዋጅ ብቻውን የእጅን ልማድ እንደማይለውጥ ነው።

«ምርጫ ያለው ገንዘብ ያለው ነው፤ ለዕለት ጉርሱ የሚቸገረውን ልጅ ምን ምርጫ ታስተምሩታላችሁ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ትንሿን ዓሣ ስለ ረከሰች የሚገዛ ቤተ ሰብ ሊሰደብ አይገባውም። እንዲያውም ቁጠባን ከድኻው ቤት እንማር። ጠርሙሱን አጥቦ ዘይት የሚቀዳበት፥ አሮጌውን ዕቃ ለቆራሌው የሚሸጥ እርሱ ነው። የሲዳማ እናቶችም ቆጮውንና ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው ገበያ ሲያወጡ፥ ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፤ አለዚያም አፈር ይሆናል።

የምናባክነው እኛ ነን። እስቲ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን የውኃ ጠርሙሶች ተመልከቱ! ስለ ቁጠባ ልንነጋገር ተሰብስበን ማሰሮና ብርጭቆ ማቅረብ አቃተን። ከአዘጋጆቹ አንዱ እኔ ነኝና ወቀሳው በቅድሚያ የእኔ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ማኅበራችን ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ የፕላስቲክ ጠርሙስን ይተው። እያንዳንዳችንም ገበያ ስንወጣ ዘንቢል እንያዝ።

ሁለተኛ፤ በክረምት ታናናሾቻችንን የምናስጠና ሁሉ ስብከቱን ትተን፥ ልጆቹ በአንድ ሳምንት ወደ ቤታቸው የገባውን ፌስታል እንዲቆጥሩ፥ የተከፈለበትም እንደ ሆነ ሒሳቡን እንዲደምሩ እናድርግ። ልጅ ከነገሩት ይልቅ ራሱ የደመረውን ያምናል።

ሦስተኛ፤ ልጆቹን አሞራ ገደል ወስደን ከአጥማጆቹ ጋር እናነጋግራቸው። ስለ መረብ ዓይን ከአጥማጅ የተሻለ መምህር አናገኝም።

ልጆቹ መጀመሪያ የሚመለከቱት በእጃችን የያዝነውን ነው። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ሐሳብ ዛሬውኑ በድምፅ ይወሰንልኝ።