በቤት የተሠራ የፕሮቶን መሣሪያና የራያ ቆላ ውኃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማቀርብላችሁ መሣሪያ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ፣ አንድ ኪሎ የማይሞላ የመዳብ ሽቦ፣ የመኪና ባትሪና የድምፅ ማጉያ ነው። ሥራው የኑክሌር ማግኔታዊ ሬዞናንስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል፤ መሣሪያው ግን ከመኝታ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አላለፈም።

ወደዚህ ሥራ የገፋኝ የራያ ቆላ ነው። ቆቦን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ሜዳው በምዕራብ ከላስታ ተራሮች በምሥራቅ ከዞብል ሰንሰለት መካከል የሰመጠ፣ እነሆርማትና ጎሊና በየዘመኑ ጠርገው ባመጡት ደለል የተሞላ ነው። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውን ያጠጣል፤ በቅርብ ዘመን ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ ተጨመረለት። ነገር ግን ጎርፍ ጠጠሩንም ጭቃውንም በአንድነት አያስቀምጥም። አንዱ ጉድጓድ ጠጠር አግኝቶ ውኃ ሲሰጥ፣ ከእርሱ ጥቂት ራቅ ያለው ሸክላ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በኤሌክትሪክ ቅዋሜ የምንለካው የተለመደው ዘዴ ይረዳል፤ ሆኖም እርጥብ ሸክላና ጨዋማ ውኃ ሁለቱም ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፉ መሐንዲሱን ያሳስቱታል። ዘዴው የሚለካው ውኃን ሳይሆን ቅዋሜን ነውና።

ከውኃው ራሱ መልስ የሚቀበል ዘዴ አለ። በውኃ ውስጥ ያለው የሃይድሮጂን አስኳል፣ ማለት ፕሮቶን፣ እንደ ትንሽ ማግኔት ሆኖ በማግኔታዊ መስክ ዙሪያ እንደ እንዝርት ይሾራል። የሹረቱ ድግግሞሽ የሚወሰነው በመስኩ ብርታት ነው። ብሎክና ፐርሰል ይህን እ.ኤ.አ. በ1946 አሳውቀው በ1952 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ፓካርድና ቫሪያን ደግሞ በ1954 ሌላ ማግኔት ሳያስፈልግ በምድር መስክ ብቻ ሹረቱን መስማት እንደሚቻል አሳዩ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ለምርምር የዋለው መሣሪያ በ400 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ ማግኔት ፈሳሽ ሂሊየምና ፈሳሽ ናይትሮጂን ይፈልጋል። በቆቦ ሜዳ በምድር መስክ የሚገኘው ድግግሞሽ ግን በ1,500 እና በ1,600 ኸርዝ መካከል ነው፤ ይኸውም ከሩብ ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ፣ ጆሮ የሚሰማው ፉጨት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን የሞተር መጠምጠሚያ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ላይ 600 ዙር ጠመጠምሁ። (ከተቃጠለ የውኃ ፓምፕ ሞተር ፈትቼ ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ ሽፋኑ ተልጦ ስለሚገናኝ አዲስ መግዛት ይሻላል።) ጠርሙሱን ከውስጡ አግብቼ ከባትሪው 2 አምፔር ገደማ ለ6 ሴኮንድ እለቅበታለሁ። በዚህ ጊዜ ፕሮቶኖቹ ከምድር መስክ ከ200 እጥፍ በላይ በሚበረታ መስክ ይሰለፋሉ። ከዚያ ጅረቱን በድንገት ቆርጬ ያንኑ ሽቦ ግማሽ ማይክሮፋራድ ከማይሞላ ካፓሲተርና ከማጉያው ጋር አገናኛለሁ። ፕሮቶኖቹ ወደ ምድር መስክ ሲመለሱ የሚሰጡት ቮልቴጅ በማይክሮቮልት የሚቆጠር ነው፤ ፉጨቱም ቀስ በቀስ እየደከመ ሁለት ሴኮንድ ያህል ይቆያል። አስቸጋሪው የጅረቱ መቆረጥ ነው። ሽቦው ሲቆረጥበት በከፍተኛ ቮልቴጅ ይራገጣል፤ ሁለት ትራንዚስተሮች አቃጥሎብኛል።

አንድ ስሕተቴን ልናገር። ንድፉን የወሰድሁት ከሰሜን አውሮፓ ነበር። በዚያ የምድር መስክ ወደ መሬት ዘቅዝቆ ስለሚገባ ሽቦውን ወለል ላይ በፈለጉት አቅጣጫ ቢያጋድሙት ይሠራል። እኔም ወደ ሰሜን አጋድሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዝምታ በቀር አልሰማሁም። የማግኔት ወገብ በአገራችን ላይ እንደሚያልፍ፣ መስኩም በእኛ ዘንድ ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ሰሜን እንደሚተኛ ተምሬ ነበር፤ ግን አላሰብሁትም። ሽቦው ከመስኩ ጋር ትይዩ ከሆነ ፕሮቶኑ የሚሾርበት ምክንያት የለውም። ወደ ምሥራቅ ባዞርሁት ዕለት ፉጨቱ ተሰማ። ቀጥ አድርጎ ማቆምም ይበቃል።

ይሁን እንጂ በከተማ ውስጥ ሌላ ጠላት አለ። የ50 ኸርዝ መብራታችን ብዜቶች 1,500 እና 1,550 ላይ ይወድቃሉ፤ ፉጨቱን የሚውጡትም እነርሱ ናቸው። ስለዚህ መሣሪያውን ከመስመርና ከፓምፕ ርቆ ወደሚገኝ የማሽላ ማሳ ወሰድሁት። በዚያም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ድግግሞሹ በጥቂት ኸርዝ ከፍ ይላል። በማግኔት ወገብ ላይ፣ 110 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ቀን ቀን የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት መስኩን ስለሚያበረታው ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ የሚያወዳድር ሰው ሰዓቱን መመዝገብ አለበት።

ማሳው አጠገብ የነበሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይኼ የሚያፏጨው የጠርሙሱ ውኃ ነው ወይስ የመሬቱ?» አሉኝ። «የጠርሙሱ ነው አባቴ» አልኋቸው። «እንግዲያ የመሬቱን ስታመጣ ጥራኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የመሬቱን ውኃ የሚያሰማው ትልቁ ዘዴ ነው። የሶቪየት ሊቃውንት በኖቮሲቢርስክ የጀመሩት፣ ፈረንሳዮች በ1990ዎቹ ለገበያ ያቀረቡት ይህ ዘዴ 100 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሽቦ መሬት ላይ ዘርግቶ ፕሮቶኖቹን ያነቃል። የምልክቱ ትልቅነት የውኃውን ብዛት ይናገራል። ሸክላ ውስጥ የታሰረው ውኃ ቶሎ ስለሚጠፋ አይቆጠርም፤ በጠጠር መካከል ያለው ይቆያል። ለራያ የተፈጠረ ይመስላል። እኔ ግን አንድ ሥጋት አለኝ። የቆቦ ጠጠር ከላስታ የመጣ ባዛልት ነው፤ ባዛልት ደግሞ ማግኔትነት አለው። መስኩን ከነጥብ ወደ ነጥብ ካዘበራረቀው ፕሮቶኖቹ በአንድ ድግግሞሽ አይሾሩም፤ ምልክቱም ሳይለካ ይጠፋል። በጠርሙሴ ይህን አይቼዋለሁ፤ በማሽላው ማሳ ሁለት ሴኮንድ የቆየው ፉጨት ወንዙ ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ ሳስቀምጠው ወዲያው ሞተ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ትልቁን መሣሪያ ለማስመጣት ከመነጋገራችን በፊት በትንሹ መሣሪያ ሜዳውን በእግር እንለካው፤ ፉጨቱ የሚቆይባቸውን ማሳዎችና የሚሞትባቸውን በካርታ እንለይ። በእርግጥ ይህ ከላይ ያለውን እንጂ ሃምሳ ሜትር ሥር ያለውን ጠጠር አይናገርም። ስለዚህ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የወጣውን ጠጠር በየጥልቀቱ ከጠርሙሱ አጠገብ እያደረግን ደግመን መለካት ይኖርብናል።

ንድፉን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሰጥቻለሁ። የጎደለኝ ጅረቱን በሺኛ ሴኮንድ ውስጥ የሚቆርጥ፣ በገበያችን ከሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በኃይል ኤሌክትሮኒክስ የምትሠሩ ባልደረቦቼ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ ብታነጋግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ጠርሙሱንም ይዤዋለሁ።