ፕሮግራም አጋዡን ከየት ያገኛል?

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በመቱ፣ እንዲሁም በጎሬና በበደሌ የወፍጮ ቤት ሥራ ሲካሄድ ያየ ሰው የዛሬውን ርእስ ግማሹን ያውቀዋል። የወፍጮው ድንጋይ ከሞተሩ ጋር በብየዳ አልተጣበቀም፤ የሚያገናኛቸው ቺንጋ ነው። መብራት ሲጠፋ ባለወፍጮው ቺንጋውን ከኤሌክትሪኩ ሞተር አውልቆ በናፍጣው ላይ ያጠልቀዋል። ድንጋዩም የሚያዞረው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ በቆሎውን መፍጨቱን ይቀጥላል።

በኮምፒዩተር ፕሮግራም አሠራር ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚባለው ዘዴ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በኦብጀክት ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም የየራሳቸው ተግባር ካላቸው ክፍሎች የተገነባ ሲሆን፣ አንዱ ክፍል ያለ ሌሎቹ እርዳታ ሥራውን አይፈጽምም። እርዳታ ሰጪዎቹ በዚህ ንግግር አጋዦች ተብለዋል። እንግዲህ ጥያቄው፣ አንድ ክፍል አጋዦቹን ራሱ ፈልጎ ያምጣ ወይስ ተሠርተው ከውጭ ይሰጡት የሚል ነው። ዘዴው ከውጭ ይሰጡት ይላል። ስያሜውን ያስለመደው ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ ሰዎች የማገጣጠሙን ሥራ ያቃለለው ስፕሪንግ የተባለው ማዕቀፍ የመጀመሪያው ሙሉ እትምም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ነገሩን ከተግባር አንጻር ለመመልከት የጤና ሪፖርትን መውሰድ ይጠቅማል። የጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ፕሮግራም የመጀመሪያ መነሻው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ልማቱን የሚመራው ግን የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በጃቫ የተጻፈ፣ በድረ ገጽ የሚሠራ፣ ክፍሎቹንም በስፕሪንግ የሚያገጣጥም ፕሮግራም ነው። በአንድ ወር ውስጥ ስንት ሕፃናት እንደ ተከተቡና ስንት እናቶች በጤና ተቋም እንደ ወለዱ የሚገልጸው ቍጥር የሚሰበሰበው በእርሱ ነው።

አሁን እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ኦስሎ ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው በዓይነ ኅሊና ይታይ። በእርሱ አገር ወሩ 12 ነው፤ ዓመቱም በጃንዋሪ ይጀምራል። ቀን በሚያስፈልገው ቦታ ሁሉ የማሽኑን ሰዓት በቀጥታ ቢያነብ ለእርሱ የሚጎድልበት ነገር የለም። ነገር ግን ያች አንዲት መስመር በመቶ ቦታ ከተደጋገመች በኋላ፣ መቱ ላይ ሪፖርት የሚያስገባው ሠራተኛ የነሐሴን ክትባት ከፍሎ ግማሹን በኦገስት፣ ግማሹን በሴፕቴምበር ለመጻፍ ይገደዳል። ቍጥሩ በሐቅ ተመዝግቦ ሳለ የወረዳው ሰንጠረዥ ክትባት የቀነሰ ያስመስላል፤ ክትባት የሚታዘዘው ደግሞ ሰንጠረዡ ታይቶ ነው። ይህን ለማቃናት መቶውን ቦታ አንድ በአንድ መክፈት ያስፈልጋል።

የዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ደራስያን የዘመን አቆጣጠርን ራሱን የቻለ አጋዥ በማድረግ ከዚህ አመለጡ። የግሪጎርያን፣ የኢትዮጵያ፣ የኔፓል፣ የፋርስ፣ የታይላንድና የሌሎችም አቆጣጠሮች አንድ ውል የሚፈጽሙ ልዩ ልዩ ክፍሎች ናቸው፤ ውል የተባለው ባለሙያዎች ኢንተርፌስ የሚሉት ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ስፕሪንግ ሁሉንም ሰብስቦ ለአቆጣጠር አገልግሎቱ ያስረክባል፤ አገልግሎቱም የሥርዓቱ አስተዳዳሪ በመረጠው መሠረት አንዱን ይሰጣል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመረጥ ሌላው ክፍል መከፈት አያስፈልገውም፤ ቺንጋው ተዛወረ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ዘዴውን አብዝተው የሚያወድሱ ሰዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ውሉን የጻፈ ሰው «ወር ከ1 እስከ 12 ነው» ብሎ ካሰረው፣ ጳጉሜን የምትገባበት በር የለም። የኢትዮጵያውን አቆጣጠር የሚያሰላው ክፍል የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ 13ኛዋን ወር በእንዲህ ያለ ውል ማሳለፍ አይችልም፤ ወይ ከነሐሴ ጋር ይቀላቅላታል፣ ወይ ይጥላታል። አጋዥን ከውጭ መቀበል የሚያስገኘው ነፃነት ውሉ የፈቀደውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ስፕሪንግ ይሻላል ወይስ ሌላ እየተባለ የሚጠፋው ጊዜ ውሉ ሲረቀቅ ቢውል ይበጅ ነበር፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያም ጳጉሜንን የሚያውቅ ሰው ሊቀመጥ ይገባል።

የዘዴው ትልቁ ጥቅም ምናልባት በሙከራ ላይ የሚታየው ነው። ጳጉሜን 6 በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ትመጣለች፤ በ2015 ዓ.ም. ነበረች፣ ከዚያ ቀጥላ ያለችው የ2019 ናት። የማሽኑን ሰዓት በቀጥታ የሚያነብ ፕሮግራም በዚያች ዕለት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ዕለቷን መጠበቅ ወይም የሰርቨሩን ሰዓት መነካካት ያስፈልጋል። ሰዓቱን እንደ አጋዥ የሚቀበል ክፍል ግን «ዛሬ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው» ከማለት በቀር ሌላ የማያውቅ የይስሙላ ሰዓት ተሰጥቶት ወዲያው ይመረመራል። የመስመር መቋረጥም እንደዚሁ ነው። ሪፖርቱን ግማሽ ልኮ ጸጥ የሚል የይስሙላ ላኪ ሲሰጠው፣ ክፍሉ ቀሪውን ይልካል? ሁሉንም ደግሞ ልኮ ቍጥሩን እጥፍ ያደርጋል? ወይስ ተልኳል ብሎ ይዘጋል? ይህን በፈጣን መስመር ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ፕሮግራመር አስቀድሞ ካልሞከረው፣ የሚሞክረው በገጠር ያለው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይሆናል።

በድረ ገጽ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ለብቻው ሊነሣ የሚገባው አደጋ አለ። ስፕሪንግ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ብቻ ሠርቶ ለጠያቂው ሁሉ ያካፍላል። ለአቆጣጠር ወይም ለላኪ ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጀማሪ በእንዲህ ያለ የጋራ ክፍል ውስጥ የተጠቃሚውን ስም ቢያስቀምጥ፣ ከጎሬና ከበደሌ በአንድ ቅጽበት የገቡ ሁለት ሠራተኞች አንዱ በሌላው ስም ሊመዘግቡ ይችላሉ። ጥፋቱ አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው አይታይም፤ ሥራ በሚበዛበት የወር መጨረሻ ብቻ ብቅ ስለሚል ሰው ተሳስቶ ነው እየተባለ ይታለፋል።

ሁሉም ነገር አጋዥ መሆን እንደሌለበትም መጨመር ይገባል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቡኖ በደሌ ከኢሉባቦር ተለይቶ ዞን ሲሆን የተለወጠው የተቋማቱ ተጠሪነት ነው። ይህ በመረጃ ቋት ውስጥ የሚታረም መዝገብ እንጂ የሚሰካና የሚነቀል ክፍል አያሻውም።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ለመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚጻፍ አነስተኛ ፕሮግራምም ስፕሪንግን የግድ አይፈልግም። በፕሮግራሙ መነሻ ላይ ሰዓቱን፣ መዝጋቢውንና ላኪውን በእጅ ሠርቶ በኮንስትራክተር ማቀበል ከ10 መስመር አይበልጥም፤ ዘዴውም ያው ነው። በኮንስትራክተር መቀበል የሚመረጠው ክፍሉ ምን ምን እንደሚያሻው በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። 12 አጋዥ የሚጠይቅ ክፍል ቢገኝ የብዙ ሰው ሥራ በአንዱ ላይ እንደ ተከመረ ይታወቃል፤ የሚሻለውም መክፈል ነው።

አስቀድሞ የተጻፈና በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ያለው ባለሙያ ሁሉን አፍርሶ መጀመር የለበትም። በኮዱ ውስጥ የማሽኑ ሰዓት በቀጥታ የሚነበብባቸውን መስመሮች ፈልጎ ይቍጠር፤ ከዚያም ወርሃዊ ሪፖርቱን ከሚዘጋው ክፍል ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ ኮንስትራክተሩ ያውጣቸው። የመጀመሪያው ሙከራም ጳጉሜን 6 ትሁን።