ባቡሩ ድንበር ሲሻገር
(በማኅበራችን የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

ስለ ቪየናው ጉዟችሁ አንድ ነገር ተናገሩ ሲባል ስድስታችንም እርስ በርስ ተያየን። የቪየናን ፎቶ ያላየ ማን አለ? ስለዚህ የዛሬው ወሬያችን ከቪየና በባቡር ተነስተን ለአንድ ቀን ስለጎበኘናት የሌላ አገር ዋና ከተማ፣ ስለ ብራቲስላቫ ይሁን አልን።

አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ። ከመካከላችሁ ከአገር አገር በባቡር የተሻገረ አለ? እኛ እዚህ ያደግን ልጆች ከአገር ስንወጣ የምናውቀው ቤን ጉሪዮንን ነው። የእኛ ራኬቬት ወደ ሰሜን ቢሄድ ቢሄድ ናሃሪያ ላይ ያበቃል። ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1942 እንግሊዞች ከሃይፋ ቤይሩት የሚያደርስ ሐዲድ ዘርግተው ነበር፤ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1948 ተቋረጠ። ሮሽ ሃኒክራ የሄዳችሁ ዋሻውን አይታችኋል፤ ባቡሩ ያልፍበት የነበረው እሱ ነው። ወላጆቻችን ደግሞ ድንበር የተሻገሩት በእግር ነው፣ በሌሊት፣ ልጅ አዝለው። እና ቲኬት ቆርጦ፣ ቡና ይዞ፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ ድንበር መሻገር ለእኛ ቤት ልጆች አዲስ ነገር ነው።

ከቪየና እስከ ብራቲስላቫ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቴል አቪቭ ኢየሩሳሌም እንደመሄድ አስቡት። ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። መስመሩ ሁለት ነው፤ አንደኛው በማርሄግ በኩል ዞሮ ብራቲስላቫ ዋናው ጣቢያ ይገባል፣ ሁለተኛው በኪትዜ በኩል ፔትርዣልካ የሚባለው ሰፈር ያደርሳል። እኛ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። የደርሶ መልሱ ቲኬት ብራቲስላቫ ውስጥ ለአውቶቡስና ለትራምም ስለሚያገለግል ሌላ ወጪ የለበትም።

መንገዱ እውነቱን ለመናገር ውብ አይደለም። ሜዳ ነው። እርሻና በነፋስ የሚዞሩ ግዙፍ የመብራት ማመንጫዎች፣ ከዚያ እንደገና እርሻ። ድንበሩ መቼ እንዳለፈ ያወቅነው ስልኮቻችን አንድ ላይ ሲጮሁና ወደ ስሎቫኪያ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል መልእክት ሲገባ ነው። በር የለ፣ ወታደር የለ። እስከ 1989 ድረስ በዚህ ቦታ የሽቦ አጥርና የጥበቃ ማማ ነበር። በ2007 መጨረሻ ስሎቫኪያ የሸንገን አገሮችን ስትቀላቀል የፓስፖርት ፍተሻውም ቀረ።

ከድንበሩ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ የኦስትሪያ መንደር ኪትዜ ናት። ባቡሩ እዚያ ብዙም አይቆይም፤ እኛ ግን ትንሽ እንቆይባት። ኪትዜ በአይሁድ ታሪክ «ሼቫ ከሂሎት» ከሚባሉት ሰባቱ ማኅበረሰቦች አንዷ ነበረች። በ1938 የጸደይ ወራት፣ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ፣ የኪትዜንና የአካባቢዋን አይሁዳውያን በሌሊት ከቤታቸው አውጥተው ዳኑብ ወንዝ ላይ ባለ የድንጋይ ግድብ ላይ ጣሏቸው። ኦስትሪያ አባረረቻቸው፣ ቼኮስሎቫኪያም ሃንጋሪም አናስገባም አሉ። ሦስት አገር በዓይን በሚታይበት ቦታ አንድም አገር ጠፍቶ፣ በአንድ አሮጌ ጀልባ ላይ ለወራት ኖሩ። እኛ ያንን ቦታ ያለፍነው ብስኩት እየበላን ነው።

ከፔትርዣልካ ጣቢያ አሮጌው ከተማ የሚያደርስ አውቶቡስ ነበር፤ አየሩ ጥሩ ስለሆነ ግን በእግር ሄድን። ሰፈሩ በሶሻሊስቱ ዘመን የተሠሩ ረጃጅም የሕንፃ ብሎኮች የሞሉበት ነው። ከመሃላችን አንዱ «ይሄማ የእኛው ሺኩን ነው» ብሎ አሳቀን። ከዚያ ዳኑብን በትልቁ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ በ1972 የተከፈተ ነው፤ አናቱ ላይ እንደ በራሪ ሳህን ያለ ምግብ ቤት ተቀምጦበታል። ፎቶ ያነሳል፣ አንክድም።

ድልድዩን ሲወርዱ በቀኝ በኩል የቅዱስ ማርቲን ካቴድራል አለ። ከ1563 እስከ 1830 የሃንጋሪ ነገሥታት ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው፤ ማሪያ ቴሬዛም በ1741 እዚያው ነግሣለች። ከካቴድራሉ ጎን ደግሞ አንድ ትልቅ ምኩራብ ነበረ። ከጦርነቱ ተርፎ ነበር። ያፈረሱት በ1969 ነው፣ ለድልድዩ መንገድ ሲባል። ከአሮጌው የአይሁድ ሰፈርም አብዛኛው አብሮ ፈረሰ። ዛሬ በቦታው የምኩራቡ ምስል የተቀረጸበት ጥቁር ግድግዳና አንድ ሐውልት ቆሟል፤ ሐውልቱ ላይ በዕብራይስጥ «ዛኾር» ተብሎ ተጽፏል፣ አስታውስ ማለት ነው።

እዚያ ቆመን ተከራከርን። አንዷ ልጅ «ይሄ የእኛ ታሪክ አይደለም፤ የእኛ ዛኾር በሱዳን መንገድ የቀሩት ናቸው፣ ስማቸውም በሄርዝል ተራራ ነው ያለው» አለች። ሌላው ቆጣ አለና «ታዲያ ለምን በዕብራይስጥ አነበብሽው?» አላት። ከስሎቫኪያ በ1942 ብቻ ወደ 58,000 የሚጠጉ አይሁዳውያን በባቡር ተግዘዋል፤ የስሎቫኪያ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው ለጀርመን 500 ማርክ ይከፍል ነበር። መጋቢት 1942 ከፖፕራድ ከተማ በተነሳው የመጀመሪያው ባቡር አንድ ሺህ ያህል ወጣት ሴቶች ነበሩ፣ አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ። ይህን ካነበብን በኋላ ክርክሩ ቀዘቀዘ፤ ተስማማን ማለታችን ግን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ የሐታም ሶፈርን መቃብር ለማየት አስቀድመን ቀጠሮ ይዘን ነበር። መቃብሩ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር፣ የትራም ሐዲድ አጠገብ፣ ከመሬት በታች ነው። በ1943 የቀረው የመቃብር ቦታ ለመንገድ ሥራ ሲነሣ የእሳቸውና በዙሪያቸው ያሉ መቃብሮች ብቻ ተረፉ፤ አሁን ያለው ሕንፃ የተከፈተው በ2002 ነው። ራቢ ሞሼ ሶፈር እዚህ ከተማ ከ1806 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1839 አስተምረዋል። ከአዲስ ነገር ጋር አይስማሙም ነበር። የሺቫቸው ዛሬም አለ፤ ኢየሩሳሌም ጊቫት ሻውል ውስጥ ነው።

ከእኛ ውስጥ ታሪክ የምታጠናው ልጅ ያወጣችልን ነገር ግን ከሁሉ በለጠብን። ከሐታም ሶፈር ሞት በኋላ፣ ደቀ መዛሙርታቸው የነበሩ አንዳንዶች ዓለማዊ ትምህርት ታስተምራለህ ብለው የተቃወሟቸው አንድ ራቢ ነበሩ፤ ራቢ እዝሪኤል ሂልድስሃይመር ይባላሉ። የሺቫቸው አይዘንሽታት ነበር። በመጣንበት ባቡር ወደ ብራቲስላቫ ሲሄዱ በስተቀኝ፣ ከሐዲዱ ብዙም ሳይርቅ ያለች ከተማ ናት። እኚህ ሰው በ1864 የአውሮፓ አይሁዳውያን ለቤተ እስራኤል እንዲደርሱ፣ ከሚሲዮናውያን እንዲታደጓቸው በጽሑፍ ጥሪ አቀረቡ። ከሦስት ዓመት በኋላ የፓሪሱ አሊያንስ ጆሴፍ ሃሌቪን ወደ አያቶቻችን አገር ላከ። ስለ እኛ የተጨነቀ ሰው በዚህ ሜዳ ላይ ኖሯል፣ እኛም በመስኮት አልፈነዋል። ያቺ «የእኛ ታሪክ አይደለም» ያለችው ልጅ ካርታውን ከስልኳ ላይ አውጥታ ለረጅም ጊዜ ስታየው ነበር።

የቀረውን ባጭሩ። ሰማያዊዋ ቤተ ክርስቲያን ታምራለች። ከመንገድ ጉድጓድ ብቅ ብሎ የሚስቀውን የነሐስ ሰውዬ ሁሉም ጭንቅላቱን ይደባብሰዋል፣ እኛም ደባበስነው። ምሳ ኮሸር ለሚጠብቅ ሰው ከቪየና ይዞ መሄድ ይሻላል።

ፓስፖርታችሁንም ያዙ። ፍተሻ የለም ብላችሁ ሆቴል አትተዉት። ስንመለስ ሁለት ፖሊሶች ባቡሩ ውስጥ ገቡና ከሠረገላው ሰው ሁሉ ለይተው እኛን ስድስታችንን ብቻ ጠየቁን። ፓስፖርቱን አገላብጠው አዩ፣ ፊታችንን አዩ፣ መለሱልን። ማንም ምንም አላለም። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን ቦርሳቸውን ከፍተው የራሳቸውን መታወቂያ አወጡና ለፖሊሶቹ ዘረጉላቸው፤ ሳይጠየቁ። አልተቀበሏቸውም። እሳቸውም እስኪወርዱ ድረስ መታወቂያውን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

በሚቀጥለው ጉዞ አይዘንሽታት ልንሄድ አስበናል። ከቪየና በባቡር ይደረሳል፤ የኦስትሪያ የአይሁድ ሙዚየምም እዚያው ነው። መምጣት የምትፈልጉ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ። ዓርብ አንነሳም፣ ሰንበት መንገድ ላይ እንዳያገኘን።